የእናቴ እግር «የስኳር ነርቭ ነው» ሲባል ከረመ፤ የተገኘው ግን የቫይታሚን ቢ12 እጥረት ነው (ሜትፎርሚን የምትወስዱ አንብቡት)

የአዘዞዋ_ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። ጽሑፉ ረዘም ይላል፤ ቤታችሁ ስኳር ያለበት ሰው ካለ ግን እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

እናቴ 61 ዓመቷ ነው። ስኳር ከተገኘባት 11 ዓመት ሆኗታል። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሜትፎርሚን ትወስዳለች፤ በፊት ጠዋትና ማታ 500 ሚሊ ግራም ነበር፣ ካለፉት 6 ዓመታት ወዲህ ደግሞ ጠዋት 1000 ማታ 1000 ሆነ። ቀጠሮዋን አሳልፋ አታውቅም፣ ክኒኗንም አትረሳም። ስኳሯም ደህና ነበር።

አምና ክረምቱ ሊወጣ ሲል «እግሬን ያቃጥለኛል» ማለት ጀመረች። ሌሊት ብርድ ልብሱን ከእግሯ ላይ ትገፋዋለች። ጎረቤት «ብርድ ነው» ብሏት እግሯን በጨው ውኃ ሞቅ አድርጋ ስትዘፈዝፍ ከረመች። (ይህ ራሱ ስኳር ላለበት ሰው አደገኛ መሆኑን ያወቅኩት ኋላ ነው፤ እግሩ ከደነዘዘ ውኃው ቢያቃጥለውም አይሰማውም።) ከዚያ ማቃጠሉ ወደ መደንዘዝ ተለወጠ። አንድ ቅዳሜ ከገበያ ስትመለስ በር ከፈትኩላት፤ አንዱ እግሯ ነጠላ ጫማ የለውም። «እማ፣ ጫማሽስ?» ስላት ጎንበስ ብላ አየችና ደነገጠች። የት እንደወለቀ አታውቅም። ያን ሁሉ ኮረኮንች በአንድ ባዶ እግር ስትሄድ አልተሰማትም። ያን ቀን ከእሷ ተደብቄ አለቀስኩ።

ሐኪም ጋ ወሰድናት። «ስኳሩ ነርቩን ጎድቶታል፤ ከ11 ዓመት በኋላ የሚጠበቅ ነው» ተባለና የማታ ማስታገሻ ታዘዘላት። እኛም አመንን። ምን የማናምንበት ነገር አለ?

ወራት አለፉ። ምላሷ ተላጠ፤ በርበሬ የነካውን ሁሉ መብላት አቃታት። ፊቷ ገረጣ፣ ትንሽ ዳገት ስትወጣ ልቧ ይመታል። ጠዋት ፊቷን ስትታጠብ ዓይኗን ስትጨፍን ወደ ፊት ልትደፋ ትላለች። ቤተ ክርስቲያን ቆማ ለጸሎት ዓይኗን ስትጨፍንም አጠገቧ ያለችውን ሴት ትይዛለች። እኛ እርጅና ነው አልን።

ያወቀላት ለመደበኛ ቀጠሮ ስንሄድ ያጋጠመን ሌላ ወጣት ሐኪም ነው። እግሯን ከማየቱ በፊት «እስኪ ምላስዎን ያሳዩኝ እናቴ» አላት። ቀጥሎ ሦስት ነገር ጠየቃት፦ ሜትፎርሚን ስንት ዓመት ወሰዱ? ጾም ይጾማሉ? ለጨጓራስ የሚወስዱት አለ? እናቴ አንድም ጾም አታስታጉልም፤ ኦሜፕራዞልም ሁለት ዓመት ሆኗታል። «የቢ12 መጠንዎን እንለካ» አለ።

ውጤቱ 131 መጣ። ከ200 በታች እጥረት ነው አሉን።

አሁን መርፌ ጀምራለች። እንዴት እንደምትሆን እነግራችኋለሁ። የማንንም ስም ላነሳ አልመጣሁም፤ ግን 11 ዓመት ሙሉ ይህን አንድ ጥያቄ የጠየቃት ሰው አልነበረም። እናንተ ራሳችሁ ጠይቁ።

ሳሙና_በር

እህቴ፣ እናትሽን እግዚአብሔር ይማርልሽ። ጽሑፍሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እኔ 58 ዓመቴ ነው፣ ሜትፎርሚን ከጀመርኩ 9 ዓመት። ከመኝታ ስነሳ በጣቶቼ ላይ ጉንዳን የሚሄድብኝ ይመስለኛል። ስኳር ነው ብዬ ተቀብዬው ነበር፤ ለሐኪም እንኳ አልተናገርኩም።

አንድ ነገር አልገባኝም። ለስኳር የምንውጠው ክኒን ቫይታሚን የሚቀንሰው እንዴት ነው? እና አሁን ላቁመው?

ፋርማሲስቷ

ጋሼ፣ በመጀመሪያ፦ አያቁሙት። ይህን ክር ለሚያነብ ሁሉ የምለው ይህንን ነው። ሜትፎርሚንን በራስ ፈቃድ ማቆም የስኳሩን ችግር ያባብሳል፤ የቢ12 እጥረት ደግሞ መድኃኒቱን ሳያቆሙ ይታከማል።

አሁን ወደ ጥያቄዎ። ቢ12 ወደ ደም ለመግባት ረጅም መንገድ ይጓዛል። በሥጋው ወይም በእንቁላሉ ውስጥ ከፕሮቲን ጋር ተጣብቆ ነው የሚመጣው፤ የሚያላቅቀው የጨጓራ አሲድ ነው። ከዚያ ጨጓራ የሚያመነጨው አንድ ልዩ ፕሮቲን ይቀበለዋል፤ ተያይዘው እስከ ትንሹ አንጀት መጨረሻ ይወርዳሉ። እዚያ ያለው መቀበያ ተቀብሎ ወደ ደም ያሳልፈዋል። ይህ መቀበያ ሥራውን ለመሥራት ካልሲየም ይፈልጋል። ሜትፎርሚን የሚያውከው በአብዛኛው ይህችን የመጨረሻዋን ደረጃ እንደሆነ ይታሰባል። ኦሜፕራዞል ደግሞ አሲዱን ስለሚቀንስ የመጀመሪያዋን። እህታችን፣ እናትሽ ሁለቱንም ነበር የሚወስዱት፤ በሩ በመግቢያውም በመውጫውም ጠቧል ማለት ነው።

ነገሩ አዲስ አይደለም። ሜትፎርሚን የቢ12ን መግባት እንደሚቀንስ በሕክምና መጽሔት መውጣት የጀመረው ቢያንስ ከ1971 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ነው። በ2010 የታተመ የሆላንድ ጥናት 390 ኢንሱሊን የሚወስዱ ሰዎችን ለሁለት ከፍሎ፣ ለግማሾቹ ሜትፎርሚን 850 በቀን ሦስት ጊዜ፣ ለግማሾቹ መድኃኒት የሌለበት ተመሳሳይ ክኒን ሰጥቶ ከ4 ዓመት በላይ ተከታተላቸው። ሜትፎርሚን የወሰዱት ቢ12 ከሌሎቹ ጋር ሲነጻጸር 19 በመቶ ወረደ፤ ዓመቱ ሲጨምር መውረዱም ጨመረ። የእንግሊዝ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በ2022 ይህንን «የተለመደ» ከሚባሉት የጎንዮሽ ጉዳቶች ውስጥ አስገብቶታል፤ ከ10 ሰው እስከ አንዱን ሊያገኝ ይችላል ማለት ነው። የአሜሪካ የስኳር ሕመም ማኅበርም በተለይ የደም ማነስ ወይም የነርቭ ስሜት ያለባቸው በየጊዜው እንዲለኩ ይመክራል።

ለምን ቶሎ አይታወቅም? ጉበታችን ለዓመታት የሚበቃ ቢ12 ያከማቻል፤ በቀን የሚያስፈልገን ደግሞ 2.4 ማይክሮግራም ብቻ ነው። ስለዚህ ጎተራው እስኪራቆት ድረስ ምንም አይታይም። መጠኑ ከፍ ባለ ቁጥር (በቀን 1500፣ 2000 ሚሊ ግራም) እና ከ4፣ 5 ዓመት በላይ ሲወሰድ ነው አደጋው የሚጨምረው። ጋሼ፣ እርስዎ 9 ዓመት ወስደዋል፣ ስሜቱም አለዎት። ቀጣዩን ቀጠሮ አይጠብቁ።

ማራኪ_ሰፈር

እኔ የምለው ሁሌም ይህንን ነው። ክኒን አንዱን ሲያድን ሌላውን ይጎዳል። አባቴ ሜትፎርሚን ከሚወስድ አብሽ ቢጠጣ አይሻልም? ቢያንስ ከተፈጥሮ ነው።

ፋርማሲስቷ

ወንድሜ፣ ለአባትህ በማሰብ ያልከው ነውና በቁም ነገር ልመልስልህ። ሜትፎርሚንም ሥሩ ተክል ነው። በአውሮፓ ከሚበቅል ሐምራዊ አበባ ያለው ተክል ውስጥ የተገኘ ንጥረ ነገር ነው መነሻው፤ በፈረንሳይ አገር ለስኳር ሕሙማን መዋሉ የታወቀው በ1957 (እ.ኤ.አ.) ነው። ከዚያ ወዲህ ያሉት ዓመታት ሁሉ ሲመረመር ኖሯል። ቢ12 እንደሚቀንስ ያወቅነውም ስለተመረመረ ነው። አብሽ በምግብነቱ ችግር የለበትም፤ አባትህ ይጠጡ። በክኒኑ ቦታ ግን አይተካም።

ከዳባት

በዚህ ላይ የራሴን ልናገር። አባቴ ሜትፎርሚኑን «ሰውነቴን ጨረሰው» ብሎ በራሱ አቆመ። ለእኛ አልነገረንም፤ ክኒኑን ከትራሱ ሥር ያጠራቅመው ነበር። ሁለት ወር ሳይሞላ ውኃ ጥም፣ ሌሊት አሥር ጊዜ ለሽንት መውጣት፣ ክሳት። ከዳባት ጎንደር ይዘነው ስንገባ ስኳሩ ከ500 በላይ ነበር። አራት ቀን ተኝቶ ወጣ። በሕይወት አለ፣ ተመስገን። ጉዳዩን የሚያነብ ሰው ክኒኑን ይዞ ሐኪሙ ጋ ይሂድ እንጂ ከትራስ ሥር አያኑር።

ቀበሌ18_ላቦ

የላብራቶሪ ባለሙያ ነኝ። ስለ ምርመራው ጥቂት ልጨምር፣ ሰው የሚሳሳትበት ነገር ስላለ።

የተለመደው የደም ቆጠራ (ሲቢሲ) ስለ ቢ12 ፍንጭ ይሰጣል እንጂ አይለካውም። ቢ12 ሲያንስ ቀይ የደም ሴሎች ያለ መጠናቸው ትልልቅ ይሆናሉ፤ ወረቀቱ ላይ ኤም ሲ ቪ የሚለው ቁጥር ከ100 በላይ ይወጣል። ግን እዚህ ላይ ነው ወጥመዱ፦ ያው ሰው ብረትም ካነሰው ብረት ማነስ ሴሎቹን ያሳንሳል። ትልቁና ትንሹ ተቀላቅለው አማካዩ «ኖርማል» ይመስላል። «ሲቢሲዬ ደህና ነው» ብላችሁ አትለፉት። ከዚህም በላይ ደሙ ሳያንስ ነርቩ ብቻ የሚጎዳበት ሰው ብዙ ነው።

የቢ12 መጠን ለብቻው ታዝዞ የሚሠራ ነው። ሁሉም ቦታ አይሠራም፤ ናሙና ተቀብለው ወደ አዲስ አበባ የሚልኩ አሉ፣ ውጤቱ ቀናት ይወስዳል። በብዛት የሚሠራበት መለኪያ ፒኮግራም በሚሊ ሊትር ነው፦ ከ200 በታች እጥረት፣ ከ200 እስከ 300 አጠራጣሪ። አጠራጣሪው ላይ ያለ ሰው ስሜት ካለው «ኖርማል ነህ» ተብሎ መመለስ የለበትም ባይ ነኝ። ሌላው፣ መርፌ ወይም የቢ ክኒን ከጀመራችሁ በኋላ ብትለኩ ቁጥሩ ከፍ ብሎ ይወጣል፣ ምንም አይነግራችሁም። መጀመሪያ ደም ስጡ፣ ከዚያ ሕክምናው ይቀጥል።

ይህችን ደግሞ ብዙ ሰው አያውቃትም። በቢ12 እጥረት ደሙ ያነሰ ሰው የ3 ወር ስኳሩ (የሦስት ወሩን አማካይ ስኳር የሚያሳየው የደም ምርመራ) ከእውነቱ ከፍ ብሎ ሊነበብ ይችላል፤ ቀይ ሴሎቹ ስለሚያረጁ ነው። ስኳርህ ጨመረ ተብሎ መድኃኒት ሲጨመርለት፣ ያውም ሜትፎርሚኑ፣ አስቡት።

ወለተ_ሥላሴ

ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ጾሙን ባትነኩት ደስ ይለኛል። አያቴ 90 ዓመት አልፏት ነው ያረፈችው፤ አንድም ጾም ሳትገድፍ። እግሯንም አላመማትም። ጤፍ፣ ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን ሁሉ አለን። ጤፍ የሌለው ነገር ምን አለ?

ፋርማሲስቷ

እህቴ፣ ጾሙን ማንም አልነካም፤ እኔም እጾማለሁ። ጤፍ በብረትና በካልሲየም የታወቀ ነው፣ ልክ ነሽ። ቢ12 ግን ጤፍም፣ ሽሮም፣ ጎመንም ውስጥ የለም። ሊጡ ስለኮመጠጠ እንጀራ ቢ12 ያገኛል የሚሉም አሉ፤ የሚታመኑበት ምንጭ አይደለም። ያለው ከእንስሳ በሚገኝ ምግብ ነው፦ ጉበት (ከሁሉ የበለጠ)፣ ሥጋ፣ አሳ፣ እንቁላል፣ ወተት።

አያትሽን በተመለከተ ግን የነገሩን ልብ ነካሽው። አያትሽ ሁዳዴን ጾመው በፋሲካ ይገድፉ ነበር። ወተቱን፣ እንቁላሉን፣ ዶሮውን ሰውነታቸው ይቀበልና ጉበታቸው ያጠራቅም ነበር። ለሚቀጥለው ጾም ስንቅ ነበራቸው። ሜትፎርሚን ለዓመታት የወሰደች ሴት ግን በፋሲካም ብትበላ የምታገኘው ቢ12 በከፊል ያልፋታል። ጎተራው በጾም ሲቀንስ በፍስክ በሚገባው አይሞላም። ጾሙ ብቻውን ወይም ክኒኑ ብቻውን ቢሆን ብዙ ሰው ይችለዋል። ሁለቱ ለአሥር ዓመት አብረው ሲሄዱ ነው ያ ወጣት ሐኪም የጠየቀው ጥያቄ የሚያስፈልገው።

ዘአራዳ_ዲያቆን

ስለ ጾሙ እኔም ልበል። ሁዳዴ 55 ቀን ነው፣ ጾመ ነቢያት 43፣ ፍልሰታ 15፣ ነነዌ 3፣ ከዚያ የሐዋርያትና ረቡዕ ዓርቡ አለ። ለምእመኑ ሁሉ ሲቆጠር በዓመት 180 ቀን ያህል ይመጣል፤ ካህናትና መነኮሳት ጋ ከዚህም ይበልጣል። ስለዚህ ፋርማሲስቷ ያለችው ከእኛ ኑሮ ጋር በቀጥታ የሚገናኝ ነው።

ቤተ ክርስቲያናችን በሽተኛን በጾም አታስጨንቅም። ሕመሙን ለንስሐ አባቱ ይንገር፤ አባቱ የሚበጀውን ያዝዙለታል። መርፌውና ክኒኑ መድኃኒት ነው፣ እንደ ምግብ አይቆጠርም። እኔን የሚያሳዝነኝ ሌላ ነው፦ ሐኪሙ ስለ ጾም አይጠይቅም፣ የንስሐ አባቱ ስለ ክኒኑ አያውቁም። እናቶቻችን መካከል ላይ ዝም ብለው ይታመማሉ። አሳ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን እዚህ ባንከፍተው ጥሩ ነው፤ በፍስክ ቀን ግን ጣና ቅርባችን ነው፣ ቀረሶውን ብሉ።

ወለተ_ሥላሴ

እሺ፣ ገባኝ። እናቴም ሜትፎርሚን ትወስዳለችና ነገሩ ተሰምቶኛል። ሰኞ እወስዳታለሁ።

ፒያሳ_አካባቢ

እኔ ሳልመረመር ከፋርማሲ ኒውሮባዮን እየገዛሁ በየቀኑ እውጣለሁ። ሁለት ዓመት ሆነኝ። ይበቃል?

ፋርማሲስቷ

አይበቃም፣ እንደውም በዚህ መልክ ባይቀጥሉበት ይሻላል። ውስጡ ቢ1፣ ቢ6 እና ቢ12 አለ። ቢ6 በብዛት ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ራሱ ነርቭ ይጎዳል፣ ያውም በዚሁ በመደንዘዝ መልክ። ለተወሰነ ጊዜ በሐኪም ትእዛዝ ከሆነ ጥሩ መድኃኒት ነው፤ ሳይለኩ ለዓመታት መዋጥ ግን ሌላ ነው።

ከዚህ የባሰው ፎሊክ አሲድ ብቻውን መውሰድ ነው። ደም ማነሱን ያሽለዋል፣ ፊት ይመለሳል፣ ሰውም ዳነ ይባላል፤ ቢ12 ያጣው ነርቭ ግን ከውስጥ መጎዳቱን ይቀጥላል። «የደም ክኒን» ሲሰጣችሁ ምን እንደሆነ ጠይቁ። እኛ ፋርማሲ ውስጥ ያለን ሰዎችም ሳንጠየቅ መንገር አለብን፤ ይህንን ለራሴም ነው የምለው።

ካልሲየም ልግዛ የሚል ጥያቄም በውስጥ መስመር ደርሶኛል። ካልሲየም መቀበያውን እንደሚያግዝ ያሳየ አነስተኛ ጥናት አለ፤ ሕክምናው ግን ቢ12 ራሱ ነው። መርፌው 1000 ማይክሮግራም ነው። ነርቩ ብዙ ካልተጎዳ በየቀኑ የሚዋጥ 1000 ማይክሮግራም ክኒንም ይሠራል፤ መጠኑ ከፍተኛ ሲሆን ጥቂቱ በሌላ መንገድ ሾልኮ ይገባልና።

የአዘዞዋ_ልጅ (ከ11 ሳምንት በኋላ)

ሰላም ናችሁ? እነግራችኋለሁ ብዬ ነበር።

ለእናቴ የታዘዘላት በየሁለት ቀኑ ለሁለት ሳምንት፣ ከዚያ በሳምንት አንዴ፣ አሁን በወር አንዴ ነው። ብልቃጧ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ቀይ ነው፤ እናቴ «ቀዩ መርፌ» ትለዋለች። ሜትፎርሚኑ አልተቋረጠም። ኦሜፕራዞሉ ግን በሐኪም ምክር ቀርቷል፤ ለካ የሚያስፈልጋት ለጥቂት ሳምንት ብቻ ነበር፣ እኛ ነን ሁለት ዓመት ያስቀጠልነው።

መጀመሪያ የተመለሰው ምላሷ ነው። በአሥር ቀን ውስጥ ወጥ መብላት ጀመረች። ድካሙ በወሩ ቀለለ። ማቃጠሉ ግን በመሐል የባሰባት መሰላትና ፈርተን ነበር፤ ሐኪሙ የደነዘዘ ነርቭ ሲነቃ እንዲህ የሚሰማበት ጊዜ አለ፣ ታገሡ አለን። ታገሥን። ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ ስትመለስ «ዛሬ የቤተ ክርስቲያኑ ወለል ቀዘቀዘኝ» አለችኝ። እኔ ደንግጬ ብርድ መታሽ ወይ ስል እሷ ትስቃለች፤ ወለሉ እግሯን ከቀዘቀዛት ዓመት አልፎት ነበር።

ሁሉም አልተመለሰም። የግራ እግሯ ሁለት ጣቶች አሁንም አያውቁም። በጨለማ ስትሄድ ትይዘኛለች። ሐኪሙ እውነቱን ነገረን፦ ከስኳሩ የመጣም ጉዳት አብሮ አለ፣ ቢ12ም ዘግይቶ ስለተገኘ የቀረው ላይመለስ ይችላል። ስድስት ወር ቀድመን ብናውቅ ኖሮ እያልኩ እበሳጫለሁ።

የንስሐ አባቷን አነጋገርናቸው። ሁዳዴን ትጾማለች፤ ለረቡዕና ዓርብ ግን እስክታገግም ፈቀዱላት። እንቁላል ስትበላ አሁንም ታፍራለች፤ ቁጭ ብዬ አበላታለሁ።

ሳሙና_በር

ልጄ፣ እንኳን ደስ አለሽ። ወለሉን ያልሽው ዓይኔን እንባ ሞላው።

የእኔን ልንገራችሁ። ተለካሁ፤ 468 ሆነ። ቢ12 አይደለም። ሐኪሟ እንደገና መረመረችኝና የስኳሩ ነርቭ ነው አለች፤ የ3 ወር ስኳሬ 9.4 ነበር፣ ለካ እኔ ደህና ነው እያልኩ ራሴን እያታለልኩ ኖሬአለሁ። መድኃኒት ተስተካከለልኝ። እግሬንም ስታየው በግራ ተረከዜ ሥር የማላውቀው ስንጥቅ አገኘች፣ መቁሰል የጀመረ። ስለ ቢ12 ብዬ ባልሄድ ማን ያየው ነበር?

ፋርማሲስቷ

ጋሼ፣ ስለተለኩ ደስ ብሎኛል። ሜትፎርሚኑን እስከወሰዱ ድረስ ቢ12ዎን በየዓመቱ ወይም በየሁለት ዓመቱ ያስለኩ፤ ዛሬ 468 ነው ማለት ሁልጊዜ ነው ማለት አይደለም። ተረከዝዎን ማታ ማታ በመስታወት ይዩ፣ ጎንበስ ማለት ካስቸገረዎ ልጅዎ ታይልዎ። ደረቁን ቆዳ ቫዝሊን ይቀቡት፣ በጣቶቹ መሐል ግን አያስገቡ። ስንጥቁ ፈሳሽ ካወጣ ወይም ከቀላ በዚያኑ ዕለት ይሂዱ።

ሳሙና_በር

እሺ ልጄ። መስታወቱን ዛሬውኑ አልጋዬ ሥር አስቀመጥኩ።

ወለተ_ሥላሴ

የእናቴ 214 መጣ። አጠራጣሪው ላይ ናት ማለት ነው? ላብራቶሪ ያልከው ወንድሜ፣ ካለህ መልስልኝ። እግሯን አያማትም፣ ግን ስም መርሳት ጀምራለች።

ቀበሌ18_ላቦ

አዎ እህቴ፣ አጠራጣሪው ላይ ናቸው። ወረቀቱን ይዘሽ ወደ ሐኪማቸው ተመለሺ፤ የመርሳቱን ነገርም ሳትደብቂ ተናገሪ፣ ቢ12 ማነስ ማስታወስንም ይነካልና። ሜትፎርሚን ስንት ዓመት እንደወሰዱና በቀን ስንት ሚሊ ግራም እንደሆነ በወረቀት ጽፈሽ ያዢ፤ እዚያ ስትደርሺ መጠየቅሽ አይቀርም። ውጤቱ ምን እንደተባለ እዚህ ጻፊልን።